ተቆጣጣሪ አድርገው ለሾሙኝ፣ አጭበርባሪ ብለው ላሰሩኝ ከንቲባ

ለክቡር ፖርፊሪ ሳቭዬቪች፣
የስታሮሉዥስክ ከተማ ከንቲባ

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነቦርጭዎና ከነሜዳሊያዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ክላርኔት ነፊው ዱድኪን፣ በመልካም ፈቃድዎ በገባሁበት የከተማዎ እስር ቤት፣ ከትኋኑ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለአውራጃው ጋዜጣ መላኬን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ውለታዎ በሁለታችን መካከል ተደብቆ የሚቀር ስላልሆነ ነው።

አንደኛ፤ ስለ አቀባበሉ አመሰግናለሁ። የመጣሁት ግላፊራ ኒካንድሮቭናን ላገባ ነበር። ከሠረገላ ስወርድ ዳቦና ጨው ይዘው ጠበቁኝ። ከዋናው ከተማ በስውር ይመጣል የተባለ ተቆጣጣሪ እንደሚጠብቁ በምን አውቄ? እንግዳ ቆንጥሮ መቅመስ ሲገባው፣ መንገድ ያስራበኝ እኔ ግማሹን ዳቦ ጨረስሁት። የፖሊስ አዛዥዎ «ባለሥልጣን ካልሆነ እንዲህ ማን ይበላል!» ቢል፣ እርስዎም ከልምድዎ ተነሥተው አመኑት።

ሁለተኛ፤ «እኔ እኮ ሙዚቀኛ ነኝ» ባልሁ ቁጥር «አይ ጌታዬ፣ እኛን እንኳ አያታልሉን!» እያሉ ስለተንከተከቱ አመሰግናለሁ። እንዲያምኑኝ ክላርኔቱን አውጥቼ ብነፋ ዳኛዎ አለቀሰ፤ የማውቅበት መስሎትም የእሱንም የእርስዎንም ጉቦ ሳልጠይቀው ተናዘዘልኝ።

ሦስተኛውን ግን በሳቅ ማለፍ አልቻልሁም። እኔን ሳይጠይቁ ልጅዎን ዚናይዳን እንዳጩልኝ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አስነገሩ። ግላፊራ ሰማች። ደጇ ብሄድ በመስኮት «የእኛ ትልቅ ሰው፣ ከድኃ ደጅ ምን ጥሎዎት?» ብላ መጋረጃውን ሳበችው። ስንት ዓመት የጠበቀችኝ ሴት ናት። ይህን በምድርም በሰማይም ይቅር አልልዎትም።

ኋላ ማንነቴ ሲታወቅ፣ ውሸቱን ሁሉ እርስዎ ዋሽተውልኝ ሲያበቁ፣ «አጭበርባሪ» ብለው አሰሩኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኔ ግማሽ ዳቦ ስለበላሁ ብዙም አልተቆጨሁ።

ሹመትንም ሽረትንም ከአንድ እጅ የተቀበልሁ፣
የክቡርነትዎ ትሑት እስረኛ፣
ኤራስት ፎሚች ዱድኪን

ድኅረ ጽሑፍ፤ ትናንት «ሁለተኛ አልታለልም!» ብለው በእርግጫ ወደ ክፍሌ ያስገቡት ባለመነጽር እውነተኛው ተቆጣጣሪ ነው። ዳኛዎ የተናዘዘልኝን አንድ ሳላስቀር ነግሬዋለሁ። ዘብዎ የሹመት ደብዳቤውን ማኅተም አይቶ እንዲወጣለት በጉልበቱ ተንበርክኮ ቢለምነው፣ «እስር ቤቱን ተቆጣጥሬ ሳልጨርስ አልወጣም» ብሏል። ሲወጣ በመጀመሪያ ግላፊራ ዘንድ ሄዶ እውነቱን ሊነግርልኝ ቃል ገብቶልኛል። ከዚያ ወደ እርስዎ ይመጣል።