«ዓይኑ ደክሟል» ያልኩ ዕለት

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰነበትክልኝ?

ዛሬ እዚህ ካለ አንድ አሳታሚ ቤት ጎራ ብዬ ሁለት ፀጉራቸው የሸበተ ሴት አራሚዎች አየሁ። ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ረቂቁን ጮክ ብላ ታነባለች፤ አራት ነጥብ ላይ ስትደርስ ጠረጴዛውን በእርሳስ አንዴ ታንኳኳለች። ሌላዋ ለሕትመት በተዘጋጀው ቅጂ ላይ በማስመሪያ ትከተላታለች። ድንገት አስቆመቻት።

«አንቺ፣ ይሄን ሰውዬ ምዕራፍ ሦስት ላይ ቀብረነው አልነበር?»

«ቀብረነዋል እንጂ! አልቅሼለታለሁ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ሊሠራ መጣ?»

«ደራሲውን ጠይቂዋ፤ እኔ ምን አገባኝ!»

አብሬያቸው ሳቅሁ። ከዚያ አንተ ትዝ አልከኝና ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ሃያ ዓመት መጽሐፎቼን ስታርም እንዲህ አንኳኩተህልኛል። ያለፈውን መጽሐፌን ግን ቸኩዬ ብቻዬን አረምኩት። የሞተችው አክስት ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ በር ስትከፍት ያየኋት መጽሐፉ ገበያ ከወጣ በኋላ ነው። የአሳታሚያችን ሥራ አስኪያጅ «ለምን ለእሱ አልሰጠኸውም?» ሲለኝ፣ «ዓይኑ ደክሟል» አልኩት። እንዳልደከመ አውቅ ነበር። በወሩ ጡረታ አወጡህ። በሽኝትህ ቀን ቆሜ ያመሰገንኩህም እኔው ነኝ።

ፊት ለፊት ልነግርህ አቅቶኝ ይኸው ፖስተኛ በሚያነበው ካርድ ላይ ጻፍኩት። ቦታው እያለቀ ነው። እትዬንና ልጆቹን ሳምልኝ። ስመለስ በርህን አንዴ ብቻ አንኳኳለሁ። ባትከፍትልኝ፣ አራት ነጥብ ነው ብዬ እመለሳለሁ።