ቀን የተነበበ ተረት

ይድረስ ለልጄ ለቢሊሴ፤ በሰው አገር የምትረግጪውን መሬት ጌታ ያለምልምልሽ፣ ብርዱም ይራራልሽ። እኛ ደህና ነን። ወንጪ ገብሱ አሽቷል፤ ወንድምሽ ጃርሶም እግሩ ተሽሎት ለእንግዶች ፈረስ ማከራየት ጀምሯል።

ልብ ወለድሽ ደረሰኝ። ዓይኔ ስለደከመ ባለሱቋ ቀድሪያ ደጃፏ ላይ በጠራራ ፀሐይ አነበበችልኝ። ተረት በቀን ከተወራ ከብት ይጠፋል ሲባል ሰምተሽ አድገሻል፤ እኔ ጴንጤዋ ግን ስቄ ተውኩት። አመሻሽ ላይ ላማችን ቡሬ ሳትገባ ቀረች።

ፍለጋ ብወርድ ሐይቁ ዳር ቆማ ጉሙን ታያለች፤ ልክ አንቺ በመጽሐፍሽ አባትሽን ጀልባ ላይ አሳፍረሽ የሸኘሽበት ቦታ። እሱ እኮ አልጋው ላይ፣ እጄን እንደያዘ ነው ያረፈው። ቢሆንም አልተቆጣሁሽም። እኔም ከላሟ ጎን ቆሜ የመቅዘፊያ ድምፅ ስጠብቅ መሸ።

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ስትጽፊ ምሳሽን አትርሺ፤ ቀን ቀንም አትጻፊ። እጅሽ ይባረክ፣ ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ አባትሽን በመጽሐፍሽ አልቀበርሽውምና በሚቀጥለው መጽሐፍ ጀልባዋን መልሺልኝ። እኔም ከብቶቹ ሳይገቡ አላስነብብም።

እናትሽ ሲንቄ