እጅጌው የተለበለበ ሹራብ

ሲስተርዬ፣

ከአዳር ሥራ ደክሞሽ ስለምትገቢ ሾርባ ሠርቼ ትቼልሻለሁ፤ አሙቂው ብቻ። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ጠበቅ አድርገሽ ዝጊው፣ ዛሬም ያንጠባጥባል። እኔ ዳቦ ቤት ገብቻለሁ።

አልጋሽ ላይ ያለው ሹራብ ያንቺ ነው።

ቆይ፣ አትቆጪ። ያኔ አዲስ ጫማ ገዝቼ ስሰጥሽ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብለሽ ሳምሽኝ፤ በማግስቱ ሆስፒታላችሁ ዳቦ ላደርስ ስመጣ የጽዳት ሠራተኛዋ እግር ላይ አየሁት። ከዚያ የሰጠሁሽ ሻርፕም እሁድ ከመዘምራኑ መሃል ሌላ አንገት ላይ ሆኖ ጠበቀኝ። መስጠት ደግ ነው፣ አውቃለሁ። ታምሜ ስተኛ እኔንም እንደ እናት አገላብጠሽ ያነሳሽኝ አንቺ ነሽ።

ግን እኔስ ምስጋናዬን የት ልውሰደው? ጌታ እንኳ ሴትየዋ እግሩ ላይ ሽቶ ስታፈስለት ዝም ብሎ ተቀበላት። "ለድሃ ይሰጥ" ያሉት ሌሎቹ ናቸው።

ይሄን ፊት ለፊት ልነግርሽ ስል ምላሴ ይተሳሰራል። ምን ላድርግ፣ ጨነቀኝ። "ያገለገለ ነገር ለሰው አይሰጥም" ትዪ የለ? ስለዚህ ሰሞኑን ሹራቡን እኔው ለብሼ ምድጃው አጠገብ ዋልኩበት። ዱቄት ዱቄት ይሸታል። ግራ እጅጌውንም ሆን ብዬ ትንሽ ለብልቤዋለሁ።

አዲስ ሆኖ እንዲደርስሽ ነበር የምመኘው። ያንቺ ብቻ ሆኖ እንዲቀር ግን ሌላ መላ አጣሁ።

በጌታ፣ ብርድ ነው፣ ልበሺው።