ቦራን የገደለው ድንች አይደለም

ለምወድህ ወንድሜ ለዘሚካኤል፣

እንዴት ሰንብተሃል? ሰውነትህ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው? የመተማው ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? የሰሊጡ አረም በረታባችሁ ወይስ ቀለለ? እኛ፣ ክብር ለመድኃኔ ዓለም ይግባውና፣ ቆመን እንሄዳለን። ሰላምታውን ሳልጨርስ የምነግርህ አለና ይቅር በለኝ፤ ስልክህ አልሠራ ቢለኝ ነው በጎረቤታችን በይርሳው እጅ የላክሁልህ። ይህን እንዳነበብህ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድና መርፌ ተወጋ። የሕይወትህ ነገር ነው።

መተማ ልትሄድ የተነሣህ ዕለት ጠዋት በሬያችን ቦራ ለሃጩን ሲያዝረበርብ፣ ድንች አንቆታል ብለን አልተሯሯጥንም? አባባ አፉን ፈልቅቀው ያዙ፣ አንተ እስከ ክርንህ አስገብተህ ጉሮሮውን ፈተሽህ። ጥርሱ እጅህን ሲልጠው አይቼ በአመድ እሸው አልሁህ። እኔን ይድፋኝ! ባዶ እጅህን ስታወጣ እንኳ ድንቹ ወርዶለታል ብለን ደስ አለን።

አንተ ከሄድህ በኋላ ድምፁ እስኪዘጋ ያገሳ ጀመር። ግድግዳ ይወጋል፣ የኋላ እግሮቹ ይብረከረኩበታል። በአራተኛው ቀን ሞተ። አጎታችን ገብረሰንበትማ ነፍሱ ሳትወጣ እንባርከውና ቅርጫ እናድርገው ብሎ ቢላዋ ስሎ ነበር፤ የከብት ሐኪሟ ያምሮት ባትደርስ መንደሩ ሁሉ በልቶት ነበር። ውሻ ነክሶት ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች። በግንቦት የጎረቤታችን የንግሥቴ ውሻ አፍንጫውን እንደነከሰው ያን ጊዜ ትዝ አለን፤ ቁስሉ ድኖ ረስተነዋል። ያምሮት ጓንት አጥልቃ ጭንቅላቱን ወሰደች፤ በሽታው በእርግጠኝነት የሚታወቀው አንጎሉ ሲመረመር ነው አለች። እናንተ ግን መርፌውን አሁኑኑ ጀምሩ አለችን። እኛ ሞኞቹ የምርመራው ወረቀት ይምጣ ብለን ቁጭ አልን።

ከትናንት ወዲያ ከባሕር ዳር መጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ያነበበችልን ያምሮት ናት። አባባ ሥር ማሽ ዘንድ ካልሄድሁ ብለው አስቸግረውኝ ነበር፤ አልቅሼ ለምኜ ትናንት ፍኖተ ሰላም ወሰድኋቸውና ሁለታችንም ተወጋን። አንተም ቁስሌ ደርቋል፣ የቀን ሥራ ይቀርብኛል እንዳትል። በሽታው ተደብቆ በነርቭ ወደ አንጎል ይወጣል፣ አንዴ ከታየ ግን መድኃኒት የለውም ብላናለች። መርፌው አንድ ጊዜ አይበቃም፤ በሞቴ እስክትጨርስ ወደ እርሻው እንዳትመለስ። ፈርቻለሁ ዘሚካኤል።

አባባ ልጄን እግዚአብሔር ይጠብቀው ብለዋል። ለእምዬ አልነገርናትም፤ ለእንቁጣጣሽ ይምጣልኝ ብላ ትስምሃለች። ልጄ ምስክር አጎቴ ናፈቀኝ ይልሃል። አጎታችንም በቢላዋው አፍሮ ሰላም በይልኝ ብሏል።

በሽታው የያዘው ሰው ውሃ መዋጥ ያቅተዋል አሉ። ስለዚህ ለይርሳው፣ እንደደረስህ መጀመሪያ አንድ ጣሳ ውሃ ስጠው፣ ሲጠጣ ዓይንህን አትንቀልበት፣ ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ ስጠው ብዬዋለሁ። ይኸው የምታነበው ጠጥተህ ነው። ተመስገን። አሁን ተነሥ።

እህትህ እንቁ
ጅጋ፣ ምዕራብ ጎጃም
ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.