አባቴን ከቤቱ ስላስወጣው ሰሌዳ

ለተከበሩ የገጠር እንግዳ ማረፊያዎች ደረጃ ምደባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ በሞቀ ቢሮና በተመቸ ወንበር ላይ እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። ወላጆችዎም በሕይወት ካሉ፣ በሕይወት እንዳሉ ተቆጥረው እንዲኖሩልዎት ምኞቴ ነው፤ ይህን ማንም ለማንም ተመኝቶት የማያውቀውን ምኞት ለምን እንደጨመርኩ ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይረዱልኛል። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ደጅ ጠንቻለሁ፤ ጸሐፊዎም ባየችኝ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡ» እያለች በትሕትና ስለመለሰችኝ፣ በጋዜጣ ብጽፍ ምናልባት ከስብሰባው ተካፋዮች አንዱ አንብቦ ያቀብልዎታል ብዬ ነው።

ነገሩ የሚመለከተው ከኮረብታው ሥር ያለውን የድንጋይ ቤት ነው። ጽሕፈት ቤትዎ «አንደኛ ደረጃ» የሚል ምልክት ሰጥቶት፣ ራሳቸው እያበሰሉ ለሚያርፉ ቡድኖችና ጥንዶች ይከራያል። ቤቱን የሠራው አባቴ ነው፤ እኔና እህቴ አደግንበት፤ እናቴም ጉልበቷ ከመንደሩ የሚያወጣውን ዳገት እምቢ ሲላት ዛሬ ለሚያከራየው ባለሀብት ሸጣው እኔ ዘንድ ከገባች ሰባት ዓመት ሆናት። ባለፈው ወር «ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ አንዴ ልየው» ስላለች፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እህቴና ባሏ እናታችንን ይዘን፣ እንደማንኛውም እንግዳ ተከራይተን ገባን። ያደጉበትን ቤት አንኳኩቶ መግባት ምን እንደሚመስል ላስረዳዎት አልሞክርም፤ በመመዘኛችሁ ውስጥ የለም። በመመዘኛችሁ ውስጥ ስላሉት ነገሮች ግን፣ ሙያዬ የሕንፃ ምሕንድስና ስለሆነና ሰው በጥቃቅን ነገር ያደክማል እያለ ስለሚያማኝ፣ በቅደም ተከተል ላቅርብልዎት።

አንደኛ፣ ስለ ወጥ ቤቱ። ማስታወቂያው «እስከ አሥራ ሁለት ሰው ለሚደርስ ቡድን የተሟላ ማብሰያ» ይላል፤ ጽሕፈት ቤትዎም መርምሮ አጽድቆታል። ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ አንድ ድስት፣ እጀታው የወለቀ አንድ መጥበሻና ሽንኩርት ከመቁረጥ ይልቅ ሽንኩርቱን የሚለማመጥ አንድ ቢላዋ ለአሥራ ሁለት አፍ እንደሚበቃ እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር። ምድጃው አራት ቦታ ይነዳል ተብሎ አንድ ቦታ ብቻ ስለሚነድ፣ ባለቤቴ በተራ ስታበስል በመጀመሪያ የበላው ሰው እንደገና ሲርበው የመጨረሻው ሰው ገና ሳህኑን ይዞ ቆሟል። ከምድጃው በላይ ግን በጉልህ ፊደል «ራስዎ ማብሰል ነፃነት ነው» ተብሎ ተጽፏል። ነፃነት እንዲህ እንደሚያስርብ ቀደም ሲል የነገረን አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥንዶች ክፍል። ከጓዳው በስተኋላ ያለው ክፍል ዛሬ ቀይ መጋረጃና የልብ ቅርጽ ያለው ትራስ ተሰጥቶት «የናፍቆት ክፍል» ተብሏል። አባቴ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ታሞ የተኛበትና ያረፈበት ክፍል ነው። ይህን የማነሳው ሰው ባረፈበት ክፍል ጥንዶች አይተኙ ለማለት አይደለም፤ ሰው ያልሞተበት አሮጌ ቤት የት ይገኛል? ቅሬታዬ ከዚህ ይቀጥናል፤ ቅጥነቱም የግድግዳው ነው። ባለሀብቱ የድሮውን ግንብ አፍርሶ ክፍሉን ከሳሎኑ በስስ ጣውላ ስለከፈለው፣ የቡድኑ ሳቅ ለጥንዶቹ፣ የጥንዶቹ ሹክሹክታም ለቡድኑ በነፃ ይዳረሳል። «ለቡድንና ለጥንዶች» ሲባል በአንድ ጊዜ ነው ማለት እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰሌዳው። እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ እዚህ ለመድረስ ድፍረት ሳሰባስብ የጻፍኩት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በዚያው ክፍል መስኮት ራስጌ፣ በውጭ በኩል፣ የጽሕፈት ቤትዎን ማኅተም የተሸከመ የብረት ሰሌዳ በብሎን ታስሯል። እናቴ የአንድ ዓይኗ ብርሃን ስለሄደና ሁለተኛውም እየተከተለው ስለሆነ አላነበበችውም። ያነበበላት የእህቴ ባል ነው፤ በቤተሰባችን «ሬዲዮ» የምንለው ሰው ነው፣ አንዴ ከተከፈተ መዝጊያው አይገኝም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ እህቴ በክርኗ ብትጎስመው፣ እኔ ብስል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እስከ መጨረሻው ዘለቀው፦ «በዚህ መስኮት አጠገብ አንዲት ሴት፣ ከሌላ ሴት ጋር የኮበለለ ባሏን አርባ ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ ኖራ፣ እንደተቀመጠች አረፈች። መስኮቱን ነክተው የተመኙ ጥንዶች ለዘላለም አይለያዩም።»

እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። «ውይ በሞትኩት! ማን ናት ይቺ ምስኪን?» አለች። ከዚያ የመስኮቱን ደፍ በመዳፏ ዳሰሰችና «መስኮቱስ የእኛ ነው» አለች።

ክቡር ሆይ፣ ስለ ሰው ልብ ባላውቅ ስለ ግድግዳ አውቃለሁና ስለዚህ መስኮት ልንገርዎት። ያ መስኮት አርባ ዓመት ማንንም ሊያስጠብቅ አይችልም፤ ዕድሜው ሃያ እንኳ አልሞላም። አባቴ ከአልጋ መነሳት ሲያቅተው ክፍሉ መስኮት የለሽ ነበር። እናቴ ከኋላ ጓሮዋን ስትኮተኩት ድምጿን እየሰማ ሳያያት መዋል ቢከብደው፣ «ይህን ግድግዳ ቅደዱልኝ፣ ይቺን ሴትዮ ልያት» አለን። ጎረቤታችን ግንበኛው ድንጋዩን ፈልቅቆ ከፈተው፤ በላዩ የተጋደመውን እንጨት ለክቼ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስኪያርፍ ድረስ በዚያ መስኮት ሲያያት ዋለ። «አንቺ፣ ቀና በይ እስቲ፣ ጎመኑ ፊትሽን ጋረደብኝ» ይላታል፤ እሷም ከጎመን መደቧ ሳትነሳ «ሰውዬ አርፈህ ተኛ፣ ጎመን እንጂ ፊት አይበላም» ትለዋለች፤ ከዚያ ግን ቀና ትላለች።

እንግዲህ በዚያ መስኮት ሰው ሰውን ጠብቋል ከተባለ፣ የጠበቀው እሱ ነው፤ የተጠበቀችውም ከአልጋው ዐሥር እርምጃ ያልራቀችው እሷ ናት። ጽሕፈት ቤትዎ ይህን ቤት ከመረመረ በኋላ ከነገሩ ሁሉ እውነት ሆኖ ያገኘው መስኮት መኖሩን ብቻ ነው። በሬ ወለደ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የወለደው በሬ ማኅተም ተመትቶለት ሲሰቀል ግን ያየሁት በእናንተ ነው።

ቤቱን ለእንግዶች የምትከፍተው ቁልፍ ያዥ በዚሁ መሀል ደረሰች። ከእኛው መንደር የተወለደች፣ አባቴን ስንቀብር አብራን ያለቀሰች ሴት ናት። እናቴ «አንቺ፣ የእኔ ሰውዬ የኮበለለው መቼ ነው?» ብላ ብትጠይቃት፣ «እማዬ ትሙት፣ እርስዎን አይደለም እኮ እማማ! የሰሌዳዋን ሴትዮ ነው። እንግዶቹ ደግሞ ንገሪን ንገሪን ይላሉ፣ ካላለቀሱ የመጡ አይመስላቸውም» ብላ ማለች። እናቴም «የሰሌዳዋ ሴትዮ ታዲያ የራሷ ቤት አልነበራትም? የእኔን ምን አድርጊ ተብላ ወሰደች?» አለቻት። ይህን ጥያቄ ለእርስዎ አስተላልፋለሁ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። በማግስቱ ጨው ልንገዛ ወደ መንደሩ ሱቅ ስንወርድ ግን የእናቴ ጆሮ ባዳነቱ ቀረ። ባለሱቋ ገና ወጣት ናት፣ አባቴን አታውቀውም፤ የማን ቤት እንግዶች እንደሆንንና እናቴ ማን እንደነበረች ስትሰማ የእናቴን እጅ ይዛ፣ በፍጹም ቅንነት፣ «አይዞዎት እማማ፣ ያ የከዳዎት ሰውዬ በኋላ ተመልሶ መጣ እንዴ?» አለቻት። እናቴ ጨውን እዚያው ረስታ ወጣች። መንገድ ላይ ትከሻዬን ተደግፋ እየወጣች የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እኔ ነገ እሄዳለሁ፤ የሚያውቁትም እየሄዱ ነው፤ ያ ብረት ግን አይሞትም፣ ልጄ።»

የማመልከተው ነገር ይኸው ነው። የናፍቆት ክፍሉ ትራስ የልብ ቅርጽ ይኑረው፣ የምድጃው ነፃነት ይቀጥል፤ ሰሌዳው ግን እናቴ ዓይኗ እያየ ይውረድ። ሐኪሟ ብዙ ጊዜ አልሰጣትም።

አራተኛ፣ ስለተሰጠኝ መልስ። ባለሀብቱ ዘንድ ሄድኩ፤ «ጋሼ፣ እኔ ቤቱን የገዛሁት ከነታሪኩ ነው» አለኝ። በውሉ ላይ አራት ክፍል፣ ሁለት በር፣ አንድ የውሃ ጉድጓድና ጓሮ መጻፉን አስታውሳለሁ፤ አባቴ አብሮ መሸጡን ግን አላስታውስም። ከዚያ ወደ እርስዎ ጽሕፈት ቤት መጣሁ። የመረጃ ባለሙያዎ ወንበር ስቦልኝ ሰማኝ፤ ይህን አልክድም። ስጨርስ «የሴትዮዋ ስም እኮ አልተጻፈም፣ ለምን በራስዎ ይወስዱታል?» አለኝ። በዚያ ኮረብታ ሥር ያለው ቤት አንድ፣ በቤቱ ባል ይዛ የኖረች ሴትም አንዲት መሆኗን ብነግረው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለወዳጁ እንደሚመክር ሰው፣ «በእውነቱ የታመመ ባል እንግዳ አይስብም፤ የከዳ ባል ነው የሚስበው» ሲል የሙያውን ምስጢር አካፈለኝ። ስለ ግልጽነቱ የደረጃ ዕድገት ቢሰጡት ደስ ይለኛል፤ በጽሕፈት ቤትዎ እውነት ሲናገር ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።

በመጨረሻ እርስዎን በስልክ አገኘሁዎት። ሰሌዳው «ማኅበረሰቡ የተሳተፈበት» መሆኑን ነገሩኝ። ማኅበረሰቡን ጠይቄያለሁ፤ መስኮቱን የከፈተው ግንበኛ ዛሬም አለ፣ ማንም አልጠየቀውም። ቁልፍ ያዥዋን አልጠየቃችኋትም፣ ነገራችኋት እንጂ። የተሳተፈው ማኅበረሰብ ማን እንደሆነ ቢገልጹልኝ፣ ቢያንስ እንደ እናቴ በሕይወት እያለ ሞተ የተባለ ሌላ ሰው ካለበት ሄጄ እጠይቀው ነበር። «ለማንኛውም ኮሚቴው ያየዋል» ብለው ስልኩን ዘጉት። ሙት አይወቀስም የሚባለው ለካ መልስ ስለማይሰጥ ኖሯል፤ አባቴን ለመክሰስ የመረጣችሁት በዚሁ ምክንያት ከሆነ ምርጫችሁ ብልህነት የተሞላበት ነው።

አምስተኛ ነጥብም ነበረኝ። ስለ መታጠቢያ ቤቱ በር ነበር። ትቼዋለሁ፤ በር የማይዘጋ ቤት ጽሕፈት ቤትዎን እንደማያሳስብ አሁን ገብቶኛል።

ለጠፋው ጊዜዎ፣ ለማይጠፋው ትዕግሥትዎ፣ እንዲሁም አንድን ሰው ሳያዩት፣ ሳይሰሙትና ከመቃብሩ ሳያስነሱት ከሚስቱ ለማፋታት ላሳዩት ከፍተኛ ችሎታ ምስጋናዬንና አድናቆቴን እያቀረብኩ፣

በሰሌዳዎ መሠረት የሟችና የከዳተኛ ልጅ፣
በእውነቱ ግን እናቱ ከጎኑ ተቀምጣ «ምን እየጻፍክ ነው?» የምትለው፣
የዘወትር አክባሪዎ።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ለጋዜጣው ልልክ ስል የመረጃ ባለሙያዎ ደወለልኝ። ኮሚቴው ተሰብስቦ መልካም የማስታረቂያ ሐሳብ አግኝቷል፤ እናቴ በሕይወት መኖሯ እንዲያውም ለሥራው ይበጃል፤ ከሰሌዳው ላይ «አረፈች» የሚለው ተፍቆ «ዛሬም ትጠብቃለች» ይባላል፤ የባልየው መኮብለል ግን ጥንዶቹ የሚመጡለት ስለሆነ ሊነካ አይችልም። ቃል በቃል ለእናቴ ነገርኳት። «እኔንስ እንደሞትኩ ይተዉኝ፣ ግድ የለም። እሱን ግን ወደ ቤቱ ይመልሱልኝ፣ በላቸው» አለችኝ። ይኸው ብያለሁ፤ ይህ የእሷ ልመና ነው። እኔ ግን ልመናዬን ጨርሻለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት እሷን በአንድ እጄ፣ መሰላል በሌላው ይዤ ወደዚያ መስኮት እሄዳለሁ።