አንድ ጃንጥላ ለጊዮርጊስ

ሆዴ፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እዚህ ቆሰበር ቤቱ ደህና ነው። ልጅህ ዳንግላ ሱቅ ከፍታለች፤ ኔትወርክ ሲኖር ትደውላለች፣ ሲጠፋ እኔ እናደዳለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ማህበርህ ነው። ሙሴ፣ የማህበሩ አለቃ ሆነህ ያቆምከው የጊዮርጊስ ማህበር ሊፈርስ ነበር ብልህ ታምነኛለህ?

ከማህበርተኞችህ የትርንጎ ልጅ ወታደር መሆኑን ታውቃለህ። የየሺ ልጅ ደግሞ አንተ ካለፍክ በኋላ ጫካ ገባ። ለጥር ጊዮርጊስ ፈረስህ ላይ አፈናጥጠህ ሜዳውን ያዞርካቸው ልጆች ዛሬ መሣሪያ ይዘው ይፈላለጋሉ። እናቶቻቸውስ? እዚያው አንድ ደጅ ቆመው ተሳሉ። ትርንጎ ልጄ ድል ካደረገ ጃንጥላ አስገባለሁ አለች፤ የሺም ያንኑ። ምን ያድርግ ሰማዕቱ? ወዲህ ያለው እግዜር ከእኛ ጋር ነው ይላል፣ ወዲያ ያለውም ይላል፤ እግዜርን ማን እንደጠየቀው እንጃ። ሰለቸኝ፣ ሆዴ።

ባለፈው ወር ተራው የእኔ ነበር። ጠላውን ጠምቄ፣ ዳቦውን ደፍቼ ጠበቅኩ። ጽዋው ሲዞር ትርንጎ፣ የሺ የቀመሰችውን አልቀምስም ብላ ፊቷን አዞረች። አንተ ብትኖር በቀልድ ታበርደው ነበር፤ እኔ ያለኝ ምላስ ብቻ ነው። ስለታችሁን ካላስተካከላችሁ ጽዋው ከቤቴ አይወጣም፣ ተረኛም አይወስደውም አልኩ። ደግሞ ትርንጎን፣ የሺ አራስ ሆና ስትታመም ልጇን ያጠባሽው አንቺ አይደለሽም ወይ፣ ድል የምትይው በማን ላይ ነው አልኳት።

ትርንጎ አቀረቀረች። ቆይታ ጽዋውን ከየሺ እጅ ተቀብላ ጠጣች። ከዚያ ሁለቱም አብረው ሄደው አዲስ ስለት ተሳሉ፤ ልጆቹ በሕይወት ከገቡ አንድ ጃንጥላ፣ በሁለቱ መዋጮ።

ደስ አለኝ፣ ምን ልበልህ። እርግጥ ልጆቹ አልመጡም፤ ተኩሱም አልቆመም። ሴቶቹም አሁን በጃንጥላው ቀለም ተጣልተዋል፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ አረንጓዴ ትላለች፣ ጆሮዬን በሉት። ይህ ጠብ ግን ይቆይልኝ።

እኔ እስካለሁ ጽዋው ስምህ ሳይነሳ አይዞርም። ልጆቹ የገቡ ዕለትም ጃንጥላውን ዘርግተን በመቃብርህ በኩል እናልፋለን፤ ቀለሙን ያኔ ታየዋለህ።