ስለ ሞያሌ የሚናገረው መጽሐፍ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2007 ዓ.ም.። ከቀኑ 11 ሰዓት።

አራት ጎማ ለጠፍኩ። እጄ እንደ ጠቆረ ነው የምጽፈው። ደብተሬ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ካንተም ጭምር የደበቅኩት ነገር አለ። መጽሐፍ የለም። ኖሮም አያውቅም።

ይኸው ጻፍኩት። ጣሪያው አልወረደብኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኬንያ በኩል ባለችው ጎሚስታዬ በር ላይ ጥቁር ቀለም የቀባሁት ቆርቆሮ ተሰቅሏል። ሾፌሮች ጎማቸው እስኪለጠፍ ሲሰለቹ እያየሁ በጠመኔ መጻፍ ጀመርኩ። ባማርኛም በስዋሂሊም። "ይህን ያውቁ ኖሯል? የሞያሌ ፍየሎች በኬንያ በኩል ግራቸውን፣ በኢትዮጵያ በኩል ቀኛቸውን ይዘው ይሄዳሉ። እስካሁን የተከሰሰች ፍየል የለችም።" ሌላ ቀን፦ "ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ የተጫነ እንቁላል ማርሳቢት ሲደርስ ጫጩት፣ ኢሲዮሎ ሲደርስ አውራ ዶሮ ነው።" ደግሞ፦ "ወደ ኢትዮጵያ የተሻገረ ሰው በዘመን አቆጣጠሩ ሰባት ዓመት ይቀንሳል፤ ሲመለስ ያረጃል። የሞያሌ ሰው ዕድሜ ከፊቱ የማይታወቀው ለዚህ ነው።" ሁሉም ከራሴ። በገዛ ከተማዬ ማሾፍ ደስ ይለኛል። ሠላሳ ዓመት አቧራዋን ቅሜያለሁ፣ መብት አለኝ።

ጥፋቱ ቀልዱ አይደለም። አንድ ሾፌር ከየት ነው የምታመጣው ሲለኝ ደነገጥኩና ከመጽሐፍ አልኩ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ከራሴ ነው ብል የሚንቀኝ መሰለኝ። የቱ መጽሐፍ አለ። ሽፋኑ የወለቀ፣ ዘይት የጠጣ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጭነት መኪና መጠገኛ መጽሐፍ ነበረኝ። ከሩቅ አሳየሁት። ከዚያ ወዲህ "የፉንዲ ታደሰ መጽሐፍ" ተብሎ ቀረ። ፉንዲ ነው የሚሉኝ፣ ባለሙያው ለማለት።

አስካለ፣ ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ታውቅ ነበር። ሰው መጽሐፉን በጠየቀ ቁጥር ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓዳ ትሸሻለች። አንዴ ብቻ ኮስተር አለች። ከልቡ የሚያምንህ ሰው የመጣ ዕለት ምን ልትል ነው አለችኝ።

ያ ሰው ዛሬ መጣ። ጉዮ ነው። ነገ እጽፈዋለሁ። የጻፍኩት እንኳ ቀለል አድርጎኛል።

ረቡዕ፣ የካቲት 4። ከጠዋቱ 2 ሰዓት።

ደንበኛ ገና የለም። ልጨርስ።

ጉዮ ቦሪ የሚባለው መንደር ሰው ነው፣ ከብት አርቢ። ወዳጄ። አስካለ ያረፈች ጊዜ ሦስት ቀን ከደጄ ያልተነሣ እሱ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት እሱን ላስቀው ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ "የቦሪን ጉድጓድ የቆፈሩት የጉዮ አያት ናቸው። የጠፋ ጫማቸውን ሲፈልጉ ነው። ውሃው ወጣ፤ ጫማው እስከ ዛሬ አልተገኘም።" ጉዮ አማርኛ ይሰማል፣ አያነብም። አንድ ሾፌር አነበበለት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አለቀ ብዬ ነበር።

አላለቀም። ጫማውን ረስቶ አያቱን ይዞ ሄዷል።

ቦሪ ላይ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ዘር ከብቱን ከሁሉ አስቀድሞ ያጠጣል። የአባቶች ሕግ ነው፣ ማንም አይነካውም። አሁን በጋ ነው፤ ውሃው ወደ ታች ሸሽቷል። መጀመሪያ የደረሰው ይጠጣል፣ ተራው ሦስተኛ ቀን የሆነው ጭቃ ይልሳል። የመጀመሪያው ተራ የጃርሶ ነው። ድምፁ የማይሰማ ሽማግሌ፣ ያሉት ላሞች ዐሥራ አንድ። እንግዲህ ጉዮ ተራው የኔ ነው ብሎ ተነሥቷል። ምስክሩ ማን ነው? የኔ መጽሐፍ። በሚቀጥለው ረቡዕ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ይዘኸው ና አለኝ። ትናንት፣ እዚህ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ሻዬን እየጠጣ።

እሺ አልኩት። አፌ ነው እሺ ያለው።

ዓርብ፣ የካቲት 6።

ሁለት ቀን ምስጥ ሳስብ ከረምኩ። ሞያሌ ውስጥ ምስጥ ያልቀመሰው ነገር የኔ ጎማ ብቻ ነው። መጽሐፍ ቢበላ ማን ይገረማል? ጠዋት ጉዮ ሲደውል፣ ወዳጄ፣ ምስጥ በላው አልኩት። በጾም ቀን!

 ተገላገልኩ ብዬ ልተነፍስ ስል፣ ግድ የለም ፉንዲ፣ አንተው ናልኝና ያነበብከውን በአፍህ ተናገር አለኝ። ጾመኛ ሰው እንደማይዋሽ ቦሪ በሙሉ ያውቃል አለኝ።

ስልኩ ተዘጋ። ነፋስ የምሞላውን ጎማ ረስቼው ሊፈነዳብኝ ነበር።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ዳዊት እደግማለሁ። ድሃ ገፍቼ አላውቅም እያልኩ እመጻደቃለሁ። ታዲያ የጃርሶን ላሞች ሊያስጠማ የተነሣው ማን ነው? ከኔ ሌላ ማን? የሚያሳፍረውን ትቼ በማያሳፍረው አፈርኩ። ቀልድ መፍጠር አሳፈረኝ፤ መዋሸቱ ግን ሰባት ዓመት አላሳፈረኝም።

እሑድ፣ የካቲት 8። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል።

በጠዋት ተሻግሬ ቤ/ክ። ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን ጥግ ይዤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስግደት ነው የጠበቅኩት፣ ብዙ ስግደት። ፍየሎቹ ላይ ስደርስ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። እንቁላሉ ላይ አልቻሉም፤ አፋቸውን በመስቀላቸው ከልለው ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪናጥ። ወዲያው ኮስተር። ስግደት የሚከብደው ለጉልበትህ ነው፣ እኔ የምሰጥህ ለምላስህ የሚከብደውን ነው አሉኝ። ቦሪ ሂድ። ቆመህ፣ በሰው ፊት፣ የለም በል። በቃ።

ቀልዱንስ ልተወው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። በፍየል ስለሳቅክ እግ/ር የሚቀየምህ ይመስልሃል እንዴ አሉ። ሰው እንዳይጠማ ብቻ።

ስመለስ እግሬ መሬት አልነካ አለ። ምን አግኝተህ ነው ምዜ (ሽማግሌው ማለቱ ነው)፣ አለኝ ኬላው ላይ ያለው ፖሊስ፣ እንዲህ የምትስቀው? ቅጣት አልኩት። አልገባውም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10። ጾም 2ኛ ቀን።

ሰሌዳውን አጠብኩ። ባዶ። ሾፌሮቹ ተቆጡ። ሞያሌ እውነቷ አለቀባት ወይ አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ ምስጡ ሰሌዳውንም በላው ብሎ አሾፈ። ወሬው ደርሷቸዋል።

ነገ ነው። የእሑዱ ቅለት የት እንደሄደ እንጃ።  ጉዮ ቢቀየመኝስ? እዚህ አገር ማን ቀረልኝ? ታመምኩ ልበል? ዝናብ ቢጥልና ጉባኤው ቢበተን። ሰማዩን አየሁት፤ ደረቅ ቆርቆሮ።

አይ። እሄዳለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11። ከቀኑ 10 ሰዓት። ቦሪ፣ መመለሻ ቦዳ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ሳይክል፣ እየጠበቅኩ።

ደብተሬ፣ ሆነ።

ማልጄ መጣሁ። ሽማግሌዎቹ ከግራሩ ሥር፣ ዱላቸው ጉልበታቸው ላይ። ጉዮ አጠገቡ ቦታ ይዞልኛል፣ ኮቱን አንጥፎልኛል። እዚያ ኮት ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። እንደ ቆምኩ፣ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ፦ መጽሐፍ የለም። ምስጥም አልበላውም። ጉድጓዱን ማን እንደቆፈረው አላውቅም፤ ጉዮን ላስቀው ብዬ ከራሴ የፈጠርኩት ነው። ጃርሶ፣ ይቅር በለኝ። ጉዮ፣ ይቅር በለኝ።

 

አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና፣ እንቁላሉስ አለ። ውሸት አልኩ። ፍየሎቹስ? ውሸት። ከልቡ አዘነ፤ ለልጅ ልጆቹ ሁሉ ነግሯቸዋል። እኔ ራሴ አንዷን ፍየል በቀኝ ስትሄድ አይቻለሁ ብሎ ተከራከረኝ። እዚህ ላይ ሳቁ ከኋላ ተነሣ። ጃርሶ እንኳ ዱላው ላይ ተደግፎ ሳቀ። ጉድጓዱን የቆፈረው የኔ አያት ነው፣ እሱ ደግሞ ዕድሜውን በሙሉ ጫማ አድርጎ አያውቅም አለ። ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው።

ጉዮ አልሳቀም። ኮቱን አነሣ። አራገፈ። ሄደ።

ተራው ለጃርሶ ጸና። አንዲት ሴት ወተት አመጣችልኝ። ጾም ነው ብዬ መለስኩ። ለውሃ ሲዋሽ ኖሮ ለወተት ይጠነቀቃል አለች፣ እኔ ብቻ ሳልሆን ሁሉ እንዲሰማ።  እውነቷን ነው።

ልመለስ ተነሥቼ ነበር። እግሬ ወደ ጉድጓዱ ወሰደኝ። ጥልቅ ነው። ሰው በሰው ላይ እንደ መሰላል ተደራርቦ ቆሞ፣ እየዘፈነ፣ ባልዲ እየተቀባበለ ውሃውን ወደ ገንዳው ያወጣል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከሁሉ በታች፣ ጭቃው ውስጥ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ ጉዮ። ለጃርሶ ላሞች ይቀዳል። ከሱ ቀጥሎ ያለው እርከን ባዶ ነው። አንድ ሰው ጎድሏል።

ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ጉልበቴም ደህና አይደለም። ሸሚዜን አውልቄ ወረድኩ። ሰዎቹ እየተጠጋጉ አሳለፉኝ። ባዶው እርከን ላይ ቆምኩ። ጉዮ ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ አየኝ። ከዚያ ባልዲውን ሞልቶ ወደ ላይ ወረወረው።

ያዝ፣ ውሸታም! አለኝ።

ያዝኩት።